ትልቁና ትንሿ፦ ስለ ሁለት ካሜራዎች የቀረበ ዲስኩር



ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካሜራ አስቀምጫለሁ። ከኋላ ያላችሁ ትልቁን እንደምታዩት አልጠራጠርም። ትንሿን ግን እንጃ፤ ከውኃው ብርጭቆ አጠገብ የሲጋራ ፓኮ የምትመስለው ጥቁር ነገር እሷ ናት። ትልቁ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ነው፤ ትንሿ ሶኒ አርኤክስ100። ሁለቱም ለገበያ የቀረቡት በ2012 ነው፤ ዛሬ ማታ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። እኩያሞች እንዲሆኑ የፈለግኩት ሆን ብዬ ነው። የዘንድሮን ካሜራ ከአሥር ዓመት በፊቱ ጋር አሰልፎ ማበላለጥ ጎረምሳን ከሽማግሌ ጋር እንደ ማታገል ነው።

በመጀመሪያ ሚዛን ላይ እናውጣቸው። ትልቁ ከነባትሪውና ከነካርዱ 950 ግራም ይመዝናል። ያለ ሌንስ ዕውር ነውና 24-70 የሚባለውን ሌንስ ስንገጥምለት 805 ግራም ይጨመራል፤ በድምሩ አንድ ኪሎ ከሦስት ሩብ መሆኑ ነው። ትንሿ ሌንሷም፣ ፍላሿም፣ ባትሪዋም ተጠቃሎ 240 ግራም ናት። በወጡ ጊዜ ትልቁ ያለ ሌንስ 3,500 ዶላር፣ ሌንሱ ለብቻው 2,300 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር፤ ትንሿ 650። በክብደት ሰባት እጥፍ፣ በዋጋ ዘጠኝ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ፎቶውስ ዘጠኝ እጥፍ ያምራል?"

አያምርም። ይኼን ቶሎ ተናግሬ ልገላገል። በደህና ፀሐይ የተነሣ ፎቶ ከሁለቱም በኤ4 አሳትሜ ለሙያ ጓደኞቼ ሳሳይ፣ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቅቷቸው ተከራክረዋል። ትልቁን ካሜራ የምንገዛው ለዋስትና ነው፤ ትንሿን ለቅርበት።

ዋስትና ያልኩትን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ቅዳሜ ሠርግ ለማንሳት ተቀጥሬ ከማለዳ ጀምሮ ትልቁን ተሸክሜ ስዞር ዋልኩ። ማታ አዳራሽ ስንገባ ትከሻዬ ዝሎ ነበርና ትልቁን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ትንሿን አወጣሁ። አዳራሹ ደብዘዝ ያለ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት ነው። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች። አባትየው እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተጫንኩ። ሌንሷ ወደ ፊት ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። "ቀጭ" ስትል ሙሽራዋ ቀና ብላለች፣ አባትየውም እንባቸውን በመሐረብ ጠርገዋል። ካርዱ ላይ የቀረው የሙሽራዋ ጀርባና ሳህን የተሸከመ አስተናጋጅ ነው። አባትየውን "እባክዎ እንደገና ያልቅሱልኝ" የሚል ማን ነው? ሒሳቤን ስቀበል ቀና ብዬ ሰው ማየት አልቻልኩም።

ምን ሆና ነው? ትንሿ ካሜራ ፎከስ የምታደርገው በመዳበስ ነው። ሌንሷን ታንቀሳቅስና ምስሉ ጠርቶ እንደሆነ ታያለች፤ እየጠራ ከሄደ ትቀጥላለች፤ ካለፈች በኋላ ነው ማለፏን የምታውቀው፤ ያኔ ትመለሳለች። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ የጠራውንና ያልጠራውን መለየት ራሱ ይቸግራታል፤ ጨለማ ውስጥ ቁልፍ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው ነው የምትሆነው። ትልቁ ውስጥ ሁለት መስታወት አለ። ዋናው በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ቆሞ ብርሃኑን ሽቅብ ወደ ዓይናችሁ ይልከዋል። በመካከሉ አልፎ የሚሄደውን ጥቂት ብርሃን ከኋላው ያለችው ሁለተኛዋ መስታወት ቁልቁል ወደ ካሜራው ወለል ትመልሰዋለች። እዚያ 61 የፎከስ ነጥቦች ያሉት መለኪያ ተቀምጧል። መለኪያው በአንድ እይታ ሌንሱ ወደየት፣ በምን ያህል መሄድ እንዳለበት ያውቃል። መዳበስ የለም። የጉግስ ፈረስ ሲጋልብባችሁ፣ ሕፃን ሲሮጥ፣ እስክስታ ሲጦፍ የምትከፍሉበት ነገር ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ መስታወቱ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለው። ስትጫኑ ብርሃኑን ወደ ሴንሰሩ ለማሳለፍ ብድግ ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይናችሁ የሚያየው ጨለማ ነው። እንግዲህ የባለመስታወት ካሜራ ባለቤት ያየውን አላነሣም፣ ያነሣውን አላየም። "አይቼዋለሁ፣ አግኝቼዋለሁ" ብሎ የሚምል ፎቶ አንሺ ካጋጠማችሁ ስቁበት። በትንሿ ደግሞ ቀትር ላይ ስክሪኗ የሚያሳያችሁ የራሳችሁን ፊት ነው፤ ዓይን የምታስጠጉበት መስኮት የላትም፤ በግምት ነው የምትተኩሱት።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ፤ ጉዳዩ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነውና።

ከሌንሱ ኋላ ብርሃን የሚያርፍበት ሴንሰር የሚባለው ሰሌዳ አለ። የትልቁ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የትንሿ 13.2 በ8.8፤ የትንሽ ጣት ጥፍር በሉት። ከእሷም በታች ያሉት ርካሾቹ የኪስ ካሜራዎች 6.2 በ4.6 ገደማ የሆነች ሴንሰር አላቸው፤ ከአንድ ፍሬ ምስር እምብዛም አትበልጥም። ስፋቱን ስታሰሉት የትልቁ የትንሿን ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል፤ የባለምስሯን ሠላሳ እጥፍ።

ይኼን በመሬት ልንገራችሁ። ዝናቡ ለሁሉም እኩል ይዘንባል። አንዱ ገበሬ ሰባት ጥማድ ተኩል መሬት አለው፤ ሌላዋ አንድ ጥማድ። አሁን ወራሾች ይምጡ፤ ፒክስል የምንላቸው እነሱ ናቸው። ትልቁ መሬቱን ለ22.3 ሚሊዮን ወራሽ ይሸነሽናል። ትንሿ ያቺኑ አንድ ጥማዷን ለ20.2 ሚሊዮን። የወራሾቹ ቁጥር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም፤ በካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ የምታዩትም ይኸው የወራሽ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ የደረሰችው መሬት ስንት ክንድ እንደሆነች ግን ካርቶኑ አይነግራችሁም። በክረምት ሁለቱም ቤት ይጠገባል። ድርቅ ሲመጣ፣ ማለትም ብርሃን ሲጠፋ፣ ጠባብ ድርሻ ያለው ወራሽ ቀድሞ ይራባል። የማኅሌት ሌሊት በጧፍ ብርሃን የተነሣ ፎቶ ላይ አሸዋ እንደተነሰነሰበት ሆኖ የሚታየው፣ እኛ ኖይዝ የምንለው ነገር፣ ያ ረሃብ ነው።

ትንሿ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ዙም ሳታደርጉ፣ ሰፊውን እይታ ስትጠቀሙ፣ የሌንሷ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል (ቁጥሩ ባነሰ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ የትልቁ 24-70 የሚከፈተው እስከ ኤፍ 2.8 ነው። ቀዳዳዋ ሰፍቶ ብርሃኑን ሲያስገባላት የሰባት እጥፉ ልዩነት ወደ ሦስት እጥፍ ይወርዳል። ሦስት እጥፍ በሙያችን ትልቅ ነገር አይደለም። ዙሟን እስከ ጫፍ ስትጎትቱት ግን ቀዳዳዋ ወደ ኤፍ 4.9 ይጠባል። ትልቁ በዚያ ርቀት 70-200 የሚባለውን ሌንስ ገጥሞ ኤፍ 2.8 ላይ ንቅንቅ አይልም፤ ሌንሱ ብቻውን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል እንደሚመዝን ግን አትርሱ። ያኔ ልዩነቱ 23 እጥፍ ሊሆን ይጠጋል። ከአዳራሹ ጥግ ቆሞ በትንሿ ዙም የሚያደርግ ሰው ያለችውንም ጥቂት ብርሃን በገዛ እጁ ደፋት። እሷን የያዘ ሰው ዙሙን ይተውና ይጠጋ።

ሰባት ጥማድ ስላልኩ የትልቁ ባለቤቶች ደስ እንዳይላችሁ፤ የማይጥማችሁን ደግሞ ልናገር። ካሜራ በመለካት የታወቀው ዲኤክስኦማርክ ሁለቱን ለክቶ ነበር። በዝቅተኛ አይኤስኦ፣ ማለትም የብርሃን ንቃቱ ዝቅ ሲደረግ፣ ከጥላው ጥቁር እስከ ፀሐዩ ነጭ ድረስ ትንሿ 12.4 ስቶፕ ስትይዝ ትልቁ የያዘው 11.7 ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መብለጡ ነው። አዎን፣ ትንሿ በለጠች። የትልቁ የዚያን ዘመን አሠራር የሴንሰሩን ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይረው ከሴንሰሩ ውጪ አውጥቶ ስለሆነ በመንገድ ላይ ቆሻሻ ይቀላቀልበታል፤ የሶኒዋ እዚያው ሴንሰሩ ላይ ትቀይረዋለች። መሬት ብቻውን አያበላም፤ አራሹም ይጠየቃል። አይኤስኦው ከፍ ሲል ግን፣ ማለትም ሲመሽ፣ ሰፊው መሬት እንደገና ያሸንፋል።

ይህ የጥቁርና የነጭ ነገር እኛን የሚነካን በነጠላ በኩል ነው። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ስታነሡ ፎቶው ለምን እንደሚጠቁር አስባችሁ ታውቃላችሁ? የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ነው የተሠራው። ነጠላውን ሲያይ "በዛ!" ይልና ይቀንሳል። ነጠላው ሳይታጠብ የከረመ ይመስላል፤ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ከሰል ይሆናል። ትልቁም ትንሿም እኩል ይሳሳታሉ። መድኃኒቱ ሁለቱም ላይ ያለችውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ፈልጎ ሁለት ሦስተኛ ወይም አንድ ስቶፕ መጨመር ነው። ለዘመድ ለቅሶም፣ ለበዓልም፣ ለማኅበርም ፎቶ ከማንኛውም ውድ ሌንስ በላይ የምትጠቅማችሁ ይህቺ ምልክት ናት፤ ገንዘብ አታስወጣም።

የጥምቀቱንም ልጨምር። ጥር 11 ቀን፣ ቀትር፣ ካህኑ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጃንጥላ ሥር ቆመዋል። ጃንጥላው ይንቦገቦጋል፣ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው። እዚህ ፀሐዩን ሳያበላሹ ፊት ላይ ጥቂት ፍላሽ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል። ትልቁ መጀመሪያ ነገር የራሱ ፍላሽ የለውም፤ ገዝታችሁ ብትሰኩለትም የመዝጊያው መጋረጃ ከፍላሽ ጋር በአግባቡ የሚስማማው እስከ 1/200 ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ ልፍጠን ካለ ፍላሹ ጉልበቱን በታትኖ መተኮስ አለበት። የትንሿ መዝጊያ ሌንሷ ውስጥ ስለሆነ በ1/1000 ሰከንድም አብራው ትተኩሳለች። ባለ 650 ዶላሯ ባለ 5,800ውን በቀትር ፀሐይ ስታሸንፈው ማየት እንዴት ደስ ይላል! ግን ፍላሿ ከሁለትና ከሦስት እርምጃ አያልፍም። እንደገና መጠጋት ነው።

እስቲ ስለ መጠጋት ራሱ።

አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ትልቁን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ። አክስቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ በጀበናው አፍ ላይ ያለውን ውታፍ በጣቷ ስታስተካክል ብርሃኑ ከመስኮቱ እጇ ላይ ወድቋል። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳቀርብ ቀና አለች። "አንተ ልጅ፣ ይኼን መድፍ ከፊቴ አንሣልኝ! ቆይ ደግሞ ነጠላዬን ልቀይር።" ገብታ የጥልፍ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን ሸፍና መጣች፤ ልጆቹን በቁመት አሰለፈች፤ ሁላችንም እንደ ጉርድ ፎቶ ቀጥ አልን። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ አልበም ውስጥ አለ፤ ማንም አያየውም። በሌላ ቀን ትንሿን ከኪሴ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ እንዳለች ተጫንኩ። አክስቴ ወሬዋን አላቋረጠችም። እጇ፣ ጭሱ፣ የሲኒዎቹ ጠርዝ፣ ከኋላዋ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ቀኑ ሳይቀር ይነበባል። ትንሽ ሴንሰር ከኋላ ያለውን አያደበዝዝም፤ ባለሙያ ይኼን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ እኔም ሙሽራ ሳነሣ እቆጥረዋለሁ። የአክስቴን ቤት ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያይ ልጅ ያንን ካላንደር ነው የሚፈልገው ባይ ነኝ።

ትልቅ ካሜራ ሰው ያስቆማል፤ ዘበኛም ያስነሣል። የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ውስጥ ያለች የጃካራንዳ ዛፍ ላነሣ ስል ደብዳቤ አምጣ ተብዬ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ፤ ከጎኔ በስልኩ ዛፏን ያነሣትን ሰው ማንም አልጠየቀውም። ዛፏ ያቺው ናት።

ትልቅና ትንሽ የምንለው ነገር ራሱ ምን ያህል እንደሚገላበጥ ላሳያችሁ። ዛሬ "ሙሉ ፍሬም" ብለን የምናከብረው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ከየት መጣ? ጀርመን አገር፣ ቬትስላር ከተማ፣ ላይትስ በሚባለው ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ አስም ነበረበት። የዘመኑን ከባድ ካሜራና የመስታወት ሰሌዳ ተሸክሞ ኮረብታ መውጣት ደረቱ አልፈቀደለትም። የሲኒማ ፊልም ወሰደ፣ የምስሉን መጠን እጥፍ አደረገው፣ ኪስ የምትገባ ካሜራ ሠራለት። በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይካ ተብላ ስትወጣ ባለሙያዎች ብዙዎቹ በጥርጣሬ ነው ያዩዋት፤ እንዲህ ካለች ጣት የምታክል ፊልም ምን ይወጣል ብለው። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲየ ብሬሶን በ1932 አንዷን ገዛ፤ የሚያብረቀርቀውን ብረቷን በጥቁር ፕላስተር እየሸፈነ ሰው መሐል ይገባባት ነበር። እንግዲህ ይህ ዛሬ መድፍ የተባለው ትልቁ ካሜራ፣ በፍሬሙ ስፋት የዚያች የኪስ ካሜራ ወራሽ ነው። በ2003 ደግሞ የማግነም ፎቶ አንሺዎች ማኅበር አባል የሆነው አሌክስ ማዮሊ የኢራቅን ጦርነት ትንንሽ የኦሊምፐስ ዲጂታል ካሜራዎች ይዞ ዘግቧል፤ ሌሎቹ አንገታቸው በክብደት እየጎበጠ።

"ታዲያ ስልኬስ?" የምትሉ አላችሁ፤ እጃችሁን ማንሳት አያስፈልጋችሁም። ስልክ የትንሿን ገበያ በልቶታል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር ቁጥር እንደሚለው በ2010 ወደ 121 ሚሊዮን ዲጂታል ካሜራ ወደ ገበያ ተልኮ ነበር፤ በ2020 ዘጠኝ ሚሊዮን አልሞላም። ባለምስሯ ካሜራ ክፉኛ ተጎድታለች፤ አልቅሰን አንጨርሰውም። ጥፍር የሚያክል ሴንሰር ያላቸውና ከእነሱም የሚሰፉት ግን አሁንም ተፈላጊ ናቸው። አብዛኛው ስልክ የሌለው እውነተኛ ዙምና ጣት የምታርፍበት ደህና መጫኛ አላቸው፤ ፎቶ እያነሣችሁ ደግሞ አይደወልባቸውም።

ትልቁም ቢሆን ዘመኑ አልፏል። ካኖንም ኒኮንም ቁንጮ የሚሉትን ባለመስታወት ካሜራ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጡት በ2020 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልባቸው መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች ሄዷል። ይህ ለእናንተ መልካም ዜና ነው። ያገለገለ 5ዲ ማርክ 3 ዛሬ ከአዲስ ዋጋው በጣም ባነሰ ገንዘብ ይገኛል። የሠርግ ሥራ ልጀምር የምትሉ ወጣቶች አዲስ ካሜራ ለመግዛት አትበደሩ። ያገለገለውን ገዝታችሁ የተረፈውን ለሌንስ አድርጉት፤ ካሜራው ያረጃል፣ ሌንሱ ግን በማገናኛም ቢሆን ቀጣዩ ካሜራ ላይም ይገጠማል። ስትገዙ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰበት ጠይቁ፤ የ5ዲ ማርክ 3 መዝጊያ ለ150,000 ተኩስ ተብሎ የተሠራ ነው። ባትሪም ትርፍ ያዙ፤ ትልቁ በአንድ ባትሪ 950 ፎቶ ያነሣል፣ ትንሿ 330፤ መልስና ቅልቅል ደግሞ በ330 አያልቅም።

ፍርዴን ጠይቃችሁኛልና ልስጥ። ሰው ገንዘብ ከፍሏችሁ፣ ነገሩም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ከሆነ፣ ትከሻችሁ ቢዝልም ትልቁን ከአንገታችሁ አታውርዱ። ያ አባት ጉልበታቸው ሲሳም የተነሡት ፎቶ የላቸውም፤ የእኔ ዕዳ ነው። የራሳችሁን ቤት፣ የራሳችሁን ሰፈር፣ የራሳችሁን አክስት የምታነሡ ከሆነ ግን ለመድፍ የምታወጡትን ገንዘብ ለሌላ ነገር አውሉት።

እንግዲህ ሁለቱም እዚህ ናቸው፤ ባትሪያቸው ሞልቷል፣ ካርዳቸው ባዶ ነው። ኑና ያዟቸው፤ ጎረቤታችሁን አንሡ፤ የትኛው ሲነጣጠርበት ፊቱን እንደሚያኮሳትር ተመልከቱ። ትልቁን ስታነሡ ግን ማሰሪያውን አንገታችሁ ላይ አድርጉልኝ፤ ሌንሱ የውሰት ነው።